የዓይን ቆብ ሲከብድ
(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



 በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በገሳይ፣ በንፋስ መውጫ፣ በጉና ተራራ ዙሪያ የምትኖሩ ሁሉ፣ ሬዲዮውን ጠጋ አድርጉት። ይህ ጽሑፍ በእጃችሁ ያለ ደግሞ ቀስ ብላችሁ አብራችሁን አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ቢኖር ምልክት አድርጉበትና ጎረቤታችሁን ጠይቁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዓይን ነው። የመምህር ሥራ ፊደል ማስቆጠር ነው። ነገር ግን ዓይን ከታመመ ፊደል አይቆጠርም። ስለዚህ ስለ ዓይን መናገርም የመምህር ሥራ ነው።

በማታው ትምህርት አንዳንድ እናቶች ሲያነቡ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋሉ። ግንባራቸውን ያጨማድዳሉ። አንዳንዴም የላይኛውን የዓይን ቆብ በጣታቸው ደግፈው ይይዙታል። ጥቂት መስመር ካነበቡ በኋላ ዓይናቸው እንባ ይሞላል። ከዚያ ደብተሩን ያጥፉና፣ «እኔስ ፊደሉ አልገባኝ አለ፤ ይቅርብኝ» ይላሉ።

ያስቸገራቸው ግን ፊደሉ አይደለም። የዓይናቸው ቆብ ነው። ቆቡ ከብዶ ወርዷል። ብርሃን የሚገባበትን በር ዘግቷል።

ታዲያ ሰው ስለዚህ ምን ይላል? አንዱ «ምች ነው» ይላል። ሌላው «የሰው ዓይን ነው» ይላል። ሦስተኛው «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ይላል። አራተኛው «የምድጃ ጭስ ነው» ይላል። ጭስ ዓይንን ያቃጥላል፤ ይህ እውነት ነው። እርጅናም ቆብን ሊያላላ ይችላል። በእኛ አገር ግን ከሁሉ በፊት መጠርጠር ያለበት አንድ በሽታ አለ። ስሙ ትራኮማ ይባላል። ብዙ ሰው የዓይን ማዝ ይለዋል።

ቆቡ በምን ይነሣል?

በመጀመሪያ ቆቡ እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ።

የላይኛው የዓይን ቆብ በራሱ አይነሣም። የሚያነሡት ጡንቻዎች አሉ። አንዱ ትልቅ ነው። ከዓይን ጀርባ፣ ከአጥንቱ ጉድጓድ ውስጥ ተነሥቶ ወደ ቆቡ ይመጣል። ቆቡን ወደ ላይ የሚስበው ዋናው እርሱ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነው። ከትልቁ ጡንቻ በታች ተጣብቆ፣ ከቆቡ የውስጥ ሽፋን ጋር ተያይዞ ይገኛል። የእርሱ ሥራ ቆቡ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲቆይ ማገዝ ነው። የሚያግዘው መጠን በሚሊ ሜትር 2 ያህል ብቻ ነው። ጥቂት ይመስላል። ግን ብሌን ትንሽ ነገር ናት። 2 ሚሊ ሜትር ሲጎድል ብዙ ነገር ይጋረዳል።

ትራኮማ የሚያጠቃው ይህንኑ የቆቡን የውስጥ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ይቀላል፣ ያብጣል። የሕፃንን የላይኛ ቆብ ባለሙያ ገልብጦ ሲያየው ጤፍ የመሰሉ ነጫጭ ፍሬዎች ይታያሉ። በሽታው አንድ ጊዜ መጥቶ ቢሄድ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን ይመላለሳል። ዘንድሮ ይይዛል፤ ይተዋል። ለከርሞ መልሶ ይይዛል። እንዲህ ሆኖ ለብዙ ዓመት ይኖራል።

ያበጠ ቆብ ምን ይመስላል? የረጠበ ጋቢ ይመስላል። የደረቀ ጋቢ ለትከሻ ይቀላል። ዝናብ የመታው ጋቢ ግን ይከብዳል፤ ሰውን ያጎብጣል። ቆብም ሲያብጥ እንዲሁ ይከብዳል፤ የሚያነሣውም ጡንቻ ይደክማል። ብግነቱ ወደ ትንሹ ጡንቻ ሲዘልቅ ደግሞ ጡንቻው ራሱ ይጎዳል። ያን ጊዜ ቆቡ ይወርዳል። ጠዋት ሲነሡም፣ ማታ ሲያነቡም ዓይን ግማሹ ተከድኖ ይታያል።

እንግዲህ የከበደው ቆብ ድንገት የመጣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በልጅነት የጀመረ በሽታ በጉልምስና ያሳየው ምልክት ነው።

ፀጉሩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ትራኮማ ግን ከዚህ የባሰ ያደርጋል።

ጠፍር ታውቃላችሁ። ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት የኖረ ጠፍር ይደርቃል፤ ይኮማተራል፤ ያሰረውን እንጨት ይስባል። የቆቡም የውስጥ ሽፋን በየጊዜው ሲቆስልና ሲድን ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው እንደ ጠፍሩ ይኮማተራል። ሲኮማተርም የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጠርዙ ሲታጠፍ ሽፋሽፍቱ፣ ማለት የቆቡ ፀጉር፣ አብሮ ይታጠፋል።

ከዚያ በኋላ ፀጉሩ የዓይንን ፊት ይፍቃል። ሰው በቀን ውስጥ ዓይኑን ስንት ጊዜ ይጨፍናል? መቁጠር አይቻልም። በጨፈነ ቁጥር ፀጉሩ ይፍቃል። ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፣ ብርሃን ይፈራል። ሰውየው ከሕመሙ የተነሣ ዓይኑን ጨፍኖ መዋል ይወዳል። በመጨረሻ መስታወት የመሰለው የዓይን ፊት ነጭ ጠባሳ ይይዛል። ያ ጠባሳ ብርሃን ይከለክላል። ዓይነ ስውርነት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ጠባሳ የያዘ ዓይን ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

በዚህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይጎዳሉ። ፀጉር የታጠፈባቸው ሴቶች ከወንዶች ወደ ሁለት እጥፍ ይሆናሉ። ምክንያቱም ሕፃን የምታቅፍ፣ የምታጥብ፣ አብራ የምትተኛ እናት ናት። ታላቅ እኅትም ናት። የሕፃኑ በሽታ ወደ እነርሱ ይመላለሳል።

ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይሄዳል?

ትራኮማን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ትንሽ ሕያው ነገር ነው። ባክቴሪያ ይባላል። የሚኖረው በታመመው ሕፃን ዓይናር እና ንፍጥ ውስጥ ነው። ከዚያ በሦስት መንገድ ይጓዛል።

አንደኛው በጣት ነው። የአንዱን ልጅ ዓይን የጠረገ ጣት የሌላውን ይነካል።

ሁለተኛው በጨርቅ ነው። በነጠላ ጫፍ፣ በቀሚስ ጫፍ፣ በአንድ ፎጣ የሁሉ ፊት ይጠረጋል።

ሦስተኛው በዝንብ ነው። ዝንብ ከአንዱ ልጅ ዓይን ተነሥታ በሌላው ዓይን ላይ ታርፋለች። ዓይን የምትወደው ይህች ዝንብ በብዛት የምትራባው ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ግን ብዙም አትራባም። ጋምቢያ በሚባል የአፍሪካ አገር በዚህ ላይ የተደረገ ጥናት በ1996 ዓ.ም. ታትሟል። ሽንት ቤት በተሠራባቸው መንደሮች፣ በፊት በልጆች ዓይን ላይ 100 ዝንብ ታርፍ ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ ወደ 70 ወርዷል።

አሁን ቁጥር እናንብብ። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የዓይን ጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ሕፃናት ታዩ። በአገሪቱ ከ100 ሕፃናት 40 ያህሉ ትራኮማ ተገኘባቸው። በአማራ ክልል ግን ከ100 ሕፃናት 63 ያህሉ ነበሩ። ከአገሪቱ ሁሉ የባሰው በእኛው ዘንድ ነበር ማለት ይቻላል።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የወባና የትራኮማ ሳምንት እየተባለ መድኃኒት በየቀበሌው ታደለ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በክልሉ በተደረገ ቅኝት ምልክቱ የታየባቸው ሕፃናት ከ100 ወደ 26 ወርደው ተገኙ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በቂ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ጠፋ የሚለው በአንድ ወረዳ ከ100 ሕፃናት ምልክቱ የሚታይባቸው ከ5 በታች ሲሆኑ ነው። መድኃኒት ተውጦ ፊቱ ካልታጠበ፣ ሜዳውም ካልጸዳ፣ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

ሊጠፋ ይችላል ወይ? አዎን፣ ይችላል። ሞሮኮ በ2009 ዓ.ም.፣ ጋና በ2010 ዓ.ም.፣ ጋምቢያ በ2013 ዓ.ም. ትራኮማን ከሕዝብ ችግርነት ማጥፋታቸው በዓለም የጤና ድርጅት ተመስክሮላቸዋል። እነርሱም እንደ እኛ ገበሬና እረኛ ያለባቸው አገሮች ናቸው።

ወረንጦ ይበቃል ወይ?

በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል።

ልጅ፦ እማዬ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ላድርስሽ።

እናት፦ ተወኝ ልጄ። ምላጭ ዓይኔ ላይ ይረፍ ትላለህ? ቢያጠፉትስ?

ልጅ፦ የሚቆረጠው ቆቡ እንጂ ዓይንሽ አይደለም እኮ። ማደንዘዣም ይወጉሻል።

እናት፦ በጉን ማን ያያል? እንጀራውንስ ማን ይጋግራል? ወረንጦዬ ይበቃኛል።

ልጅ፦ በጉን እኔ አያለሁ። እንጀራውን እቴ ትጋግራለች። ወረንጦው ግን እስከ መቼ?

የልጁ ጥያቄ ትክክል ነው። ፀጉሩ ሲነቀል ዓይን ለጥቂት ቀን ይቀለዋል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን መልሶ ይበቅላል። ሲነቀል ተሰብሮ የቀረው ደግሞ እንደ እሾህ ይወጋል። የታጠፈው አንድ ሁለት ፀጉር ብቻ ከሆነ፣ ባለሙያው ደህና ወረንጦ ሰጥቶ፣ አነቃቀሉን አሳይቶ፣ በየጊዜው ሊከታተል ይችላል። ይህን የሚወስነው ግን ባለሙያው ነው። ፀጉሩ ከበዛ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው።

ቀዶ ሕክምናው እንዲህ ነው። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል። የሠለጠነ ባለሙያ ቆቡን ቆርጦ ጠርዙን ወደ ውጭ ያዞርና ይሰፋዋል። በሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ባለሙያ ባለበት ጤና ጣቢያም ይሠራል። በዘመቻ ጊዜ ያለ ክፍያ ይሠራል። የታከመው ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዓይኑ በፋሻ ስለሚሸፈን ግን መንገድ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል። በማግሥቱና ክሩ በሚወጣበት ቀን ተመልሶ መታየት አለበት።

ከሐቁ ምንም አንደብቅ። ፀጉሩ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተመልሶ የሚታጠፍበት ሰው አለ። በአማራ ክልል በ1000 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2008 ዓ.ም. ታትሟል። ሁለት ዓይነት አሠራር ተወዳደሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንደኛው አሠራር ከ100 ሰው በ22ቱ፣ በሌላው ከ100 ሰው በ13ቱ ፀጉሩ ተመልሶ ታጠፈ። ይህ ማለት የሚበዙት ደህና ሆኑ ማለት ነው። ፀጉሩ የተመለሰበት ሰው ደግሞ ተስፋ ሳይቆርጥ ተመልሶ መታየት አለበት።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ይህ ቀዶ ሕክምና ፀጉሩን ያዞራል፤ ሕመሙን ያስታግሣል፤ የቀረውን ብርሃን ያድናል። የወረደውን ቆብ ግን ሁልጊዜ አያነሣም። ቆቡ ብሌንን እንደ ጋረደ ከቀረ፣ የዓይን ሐኪም ባለበት ሆስፒታል መታየት ያስፈልጋል።

ቅንድብ መበጣት፣ የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ መጨመር ግን ትራኮማን አያድንም። ብጣቱ ሌላ ቁስል ያመጣል። ጭማቂው የዓይንን ፊት ሊያቃጥልና ሊያጠፋ ይችላል። እባካችሁ ተዉት።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሥራው የሚጀምረው ከሕፃኑ ፊት ነው።

አንደኛ፣ የሕፃናትን ፊት ጠዋትና ማታ እናጥብ። በመካከሉም ዓይናር ወይም ንፍጥ በታየ ጊዜ እናጥብ። «ውኃው ሩቅ ነው፤ ብርድ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ የጉና ብርድ ይታወቃል። ለፊት ግን አንድ እንስራ አያስፈልግም። አንድ ጣሳ ውኃ ለብዙ ሕፃን ፊት ይበቃል። በጣሳ ሁላችንም እጃችንን አንንከር። ከላይ በጥቂቱ እያፈሰስን እንጠብ። ሳሙና ካለ መልካም ነው። ከሌለም በውኃ ብቻ ማጠብ ዓይናሩን ያስወግዳል።

ሁለተኛ፣ የልጆችን ፊት በአንድ ጨርቅ አንጥረግ። በነጠላችንም አንጥረግ።

ሦስተኛ፣ ሽንት ቤት እንቆፍር፤ በርሱም እንጠቀም። የሕፃናትንም ዓይነ ምድር አንሥተን ወደ ጉድጓዱ እንጣል።

አራተኛ፣ መድኃኒት ሲታደል ሁላችንም እንቅረብ። የሚዋጠው መድኃኒት አዚትሮማይሲን ይባላል። ለትልቅ ሰው በእንክብል፣ ለሕፃናት በሽሮፕ ይሰጣል። ከ6 ወር በታች ለሆኑት የዓይን ቅባት ይሰጣል። «እኔ አላመመኝም» ብሎ መቅረት አይገባም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ በቤት ውስጥ ይኖራልና። የታመመ ሰው በሌላ ጊዜ ቴትራሳይክሊን የተባለ የዓይን ቅባት ቢታዘዝለት በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት ይቀባል። ቀለል ስላለው ብቻ አያቋርጥ።

አምስተኛ፣ ዓይናችሁ ከቆረቆረ፣ ቆባችሁ ከከበደ፣ ፀጉር ከወጋችሁ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሩ። እርሷ ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች።

የማይጠብቅ ምልክት

የቆብ መውረድ ሁሉ ትራኮማ አይደለም። አንድ ዓይን በድንገት ከተከደነ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ወይም እጅና እግር ከዛለ፣ ይህ ሌላ ከባድ በሽታ ነው። ጠዋት ደህና የነበረ ቆብ እያመሸ ሲሄድ የሚወርድ ከሆነም የጡንቻ ድካም በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው። ሕፃን ትኩሳት ይዞት የዓይኑ ዙሪያ ቢያብጥና ዓይኑ ወደ ውጭ ቢገፋ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ይህ የዘመቻ ቀን አይጠብቅም።

የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች!

በማታው ትምህርት አጠገባችሁ ቆቧን በጣቷ ይዛ የምታነብ እናት ካለች፣ «ደካማ ናት» አትበሉ። ደብተሩንም አጥፋ እንድትሄድ አትተዉአት። እንዲህ በሏት፦ «እትዬ፣ ፊደሉ ይቆያል፤ መጀመሪያ ዓይንሽ ይታይ። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።» ከዚያም አብራችኋት ሂዱ። ታክማ ስትመለስ ያቆመችበትን ገጽ ትከፍታለች።

ለዛሬ በዚህ እንሰናበታለን። 

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የዓይን ቆብን ወደ ላይ የሚያነሣው ምንድን ነው? ትራኮማ እንዴት ይጎዳዋል?
2. ትራኮማ ከሰው ወደ ሰው በስንት መንገድ ይሄዳል? ዘርዝሩ።
3. ፀጉር በወረንጦ መንቀል ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው?
4. በሰፈራችሁ ፀጉር የሚወጋው ወይም ቆቡ የከበደ ሰው አለ? ወደ ጤና ጣቢያ እንዳይሄድ ያገደው ምንድን ነው? ማን ይረዳዋል?
5. እነዚህን ቃላት አንብቡ፤ በደብተራችሁም ጻፉ፦ ዓይን፣ ቆብ፣ ጡንቻ፣ ሽፋሽፍት፣ ዓይናር፣ ውኃ፣ ጤና ጣቢያ።